ቲክቶክ ላይ ያሉት ጠበቃ የእርስዎ ጠበቃ ናቸው?

ባለፈው ወር አንድ ምሽት፣ እራት ተበልቶ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ባለቤቴ ስልኳን ወደ እኔ አዞረችና “እስቲ ይኼን ተመልከት” አለችኝ። ጥቁር ካባ የደረቡ አንድ ጠበቃ ቲክቶክ ላይ በላይቭ ጥያቄ ይመልሳሉ። ከኋላቸው በመደርደሪያ ላይ የተደረደሩ ወፋፍራም ጥራዞች፣ ከፊታቸው እንደ ዝናብ የሚወርድ ኮመንት። (ካባውን ቤታቸው ውስጥ ለምን እንደደረቡት አልገባኝም። ግን ያምርባቸዋል።)

ባለቤቴን ያስደነገጣት የአንዲት ሴት ጥያቄ ነበር። ሴትየዋ ባሏ ቤታቸውን በድብቅ ሊሸጥ እንደሆነ ጠርጥራለች። ሰፈሩን ጠቅሳለች፤ ገዢው የባሏ የሥራ ባልደረባ እንደሆነም ጽፋለች። ካርታውን ከቁም ሳጥን አውጥታ እህቷ ዘንድ እንዳስቀመጠችው፣ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ፍርድ ቤት ሄዳ እግድ ልትጠይቅ እንዳሰበች ሁሉ ዘርዝራለች። ይህን ሁሉ የጻፈችው በእውነተኛ ስሟ ነው። ፕሮፋይሏ ላይ ከልጆቿ ጋር የተነሳችው ፎቶ አለ። ላይቩን በዚያ ሰዓት ከሁለት ሺህ የሚበልጥ ሰው እየተከታተለ ነበር።

ጠበቃው በቅንነት መለሱላት። “እህቴ አትስጊ፤ ያለ አንቺ ፈቃድ ሊሸጠው አይችልም፤ ግማሹ ያንቺ ነው” አሏት። ልብ ተላከ፣ ጽጌረዳ ተላከ፣ ወደ ቀጣዩ ጥያቄ ታለፈ።

ያን ምሽት እኔና ባለቤቴ ስንከራከር አመሸን። እሷ “ቢያንስ መብት እንዳላት አወቀች” አለች። እኔ ደግሞ “ባሏ ይህን እያየ ቢሆንስ?” አልኩ። ዛሬ የምጽፍልዎት ከዚያ ክርክር የተረፈውን ነው።

ባለቤቴ ትክክል የሆነችበትን ላስቀድም። እስቲ ራስዎን ይጠይቁ፤ ነጋሪት ጋዜጣ ለመጨረሻ ጊዜ ያነበቡት መቼ ነው? ሕግን አለማወቅ ይቅርታ አያሰጥም ሲባል እየሰማን ያደግን ሰዎች ነን፤ ነገር ግን ሕጉ ያለው አራት ኪሎ ከሚሸጥ ጋዜጣና ከጠበቆች መደርደሪያ ውጭ ብዙም አልነበረም። ዛሬ አዋጆቹና የሰበር ችሎት ውሳኔዎች በቴሌግራም ቻናሎች በነፃ ይለቀቃሉ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ሲወጣ፣ የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት ማነስ እንደሌለበት ብዙ ተከራይ የሰማው ከእነዚሁ አጫጭር ቪዲዮዎች ነው። የሰማ ተከራይ ደግሞ “በሚቀጥለው ወር ልቀቅ” ሲባል ዝም ብሎ ዕቃውን አይጭንም።

የገንዘቡና የሐፍረቱ ጉዳይም አለ። ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ካሉት ሕንፃዎች ደረጃ ወጥቶ፣ የምክር ክፍያ ከፍሎ፣ ለማያውቁት ሰው የትዳርን ገመና መዘርዘር ለብዙ ሰው ቀላል አይደለም። ለእናቷ እንኳ ያልነገረችውን ነገር ስልኳን ይዛ መኝታ ቤቷ ውስጥ መስማት የቻለች ሴት ትልቅ ነገር አግኝታለች። ሪያድ፣ ዱባይና ቤሩት ያሉ እህቶቻችንም በእነዚህ ላይቮች ላይ ብዙ ናቸው። የሚጠይቁት ጥያቄ ሁልጊዜ ልቤን ይነካዋል፤ “በላክሁት ብር የተሠራው ቤት በወንድሜ ስም ነው፤ ምን ላድርግ?” የሚል ዓይነት ነው። ከዚያ ሆነው ጠበቃ ቢሮ ሊመጡ አይችሉም። ያላቸው ስልካቸው ብቻ ነው።

ጠበቆቹስ ለምን እዚያ ሄዱ? አንዳንዶቹ በእርግጥ ማስተማር ስለሚወዱ ነው። ግን ገበያም አለበት፣ ይህም ነውር አይደለም። የጥብቅና አዋጁ፣ ቁጥር 1249/2013፣ ጠበቆች በድርጅት ተደራጅተው እንዲሠሩ ከፈቀደ ወዲህ ውድድሩ ከፍ ብሏል። ታዋቂ አጎት ወይም ዋና መንገድ ላይ ቢሮ የሌለው ወጣት ጠበቃ፣ ስሙን የሚያስተዋውቅበት ርካሹ መንገድ ስልኩ ነው። ሌሎች ደግሞ ጉዳዩ ሕዝብ ዘንድ እንዲደርስ ይጠቀሙበታል፤ አነጋጋሪ የፖለቲካ ክሶች በተያዙ ቁጥር ችሎቱ ምን እንዳለ መጀመሪያ የምንሰማው ብዙ ጊዜ ከጠበቆቹ የፌስቡክ ገጽ ነው። ሲታሰብ ነገሩ ለእኛ አዲስ አይደለም። በበላ ልበልሃ ዘመንም ሙግት በዋርካ ሥር፣ በአላፊ አግዳሚው ፊት ነበር፤ ነገር አዋቂ ተሟጋችም ዝናውን የሚያተርፈው ከተመልካቹ አፍ ነው። ልዩነቱ፣ የዋርካው ተመልካች የተባለውን ቀርጾ ወደ ቤቱ ይዞ አይሄድም ነበር።

አሁን ወደ እኔ ጭንቀት ልምጣ። ጠበቃው ለዚያች ሴት የሰጡት መልስ ስህተት አልነበረም። ግን ሙሉ አልነበረም። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 መሠረት በጋብቻ ውስጥ ያለ ንብረት በአንዱ ስም ብቻ ቢመዘገብም የጋራ እንደሆነ ይገመታል። የጋራ የሆነን ቤት ለመሸጥም የሁለቱ ስምምነት ያስፈልጋል። እስከዚህ ድረስ ቪዲዮው ትክክል ነው።

ነገር ግን ባልየው ቤቱን ከጋብቻው በፊት የገዛው ቢሆንስ? ወይም ከአባቱ የወረሰው? በዚሁ ሕግ፣ ከጋብቻ በፊት የነበረ እንዲሁም በጋብቻ ዘመን በውርስ ወይም በስጦታ የተገኘ ንብረት የግል ሆኖ ይቀጥላል። የወረሰውን መሬት ሸጦ በዚያ ገንዘብ የገዛው ከሆነ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይነሳል፤ አዲሱ ቤት የግል እንዲባል ፍርድ ቤት አጽድቆለታል ወይስ አላጸደቀለትም? በሕግ ተጋብተዋል ወይስ ሳይጋቡ አብረው ነው የሚኖሩት? የሚኖሩት አዲስ አበባ ነው ወይስ ባህር ዳር? ይህ የመጨረሻው ቀላል ጥያቄ ይመስላል፤ ሆኖም አዋጅ 213 የሚሠራው አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ ሲሆን ብዙ ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው። አሥራ አምስት ሰከንድ ውስጥ ይህን ሁሉ መጠየቅ አይቻልም፤ ጠበቃውም አልጠየቁም።

ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ “አትስጊ” የሚለው ቃል ነው። ባልየው ያለ ፈቃዷ ከሸጠ ሽያጩ በራሱ አይፈርስም፤ እንዲፈርስ ፍርድ ቤት መጠየቅ ያለባት እሷ ናት። ለዚያም ቀነ ገደብ አለ፤ ሽያጩን ካወቀችበት ቀን ጀምሮ ስድስት ወር፣ ምንም ቢሆን ከሁለት ዓመት የማያልፍ። አትስጊ የተባለች ሴት በስድስት ወር ውስጥ መዝገብ ታስከፍታለች? እኔ እጠራጠራለሁ።

የምጠራጠረው በራሳችን ቤተሰብ ውስጥ ስላየሁት ነው። የአክስቴ ልጅ ዘጠኝ ዓመት ከሠራበት ድርጅት በጥቅምት ወር የስንብት ደብዳቤ ተሰጠው። የሚከታተለው ጠበቃ ነበርና ላይቭ ላይ ጠየቀ። “በቂ ምክንያት ሳይኖር ማሰናበት ሕገ ወጥ ነው፤ ክሰስ፣ ወደ ሥራህ ትመለሳለህ” ተባለ። ያንን ቪዲዮ ለእናቱ አሳየ፣ ለእኛም ላከልን፤ ሁላችንም ተጽናናን። ድርጅቱም “እንነጋገራለን” እያለ ቀጠሮ ያራዝምበት ነበር። እሱ ልቡ ስላረፈ አልቸኮለም። የካቲት ላይ አንዲት ጠበቃ ቢሮ ሲሄድ የመጀመሪያ ጥያቄዋ “ደብዳቤው የደረሰህ መቼ ነው?” የሚል ነበር። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ መቅረብ ያለበት ውሉ ከተቋረጠ በሦስት ወር ውስጥ ነው። ጥር ላይ አልፎበታል። የገንዘብ ጥያቄዎቹ ግን የስድስት ወር ጊዜ ስለነበራቸው ለእነሱ ደረሰ፤ ተከራክሮም ገንዘቡን አገኘ። ሥራውን አላገኘም። የላይቩ ጠበቃ አልዋሸም። ቀኑን የነገረው ሰው አልነበረም፣ እሱም አልጠየቀም።

የቪዲዮው ዕድሜም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። እርጉዝ እህቴ አንድ ጊዜ ከወሊድ በኋላ ያለው ፈቃድ 60 ቀን ነው የሚል ጽሑፍ አግኝታ ተናድዳ ደወለችልኝ። ጽሑፉ በጊዜው ልክ ነበር፤ የተጻፈው በቀድሞው አዋጅ ዘመን ነው። አሁን ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ነው፤ ለአባትም ሦስት ቀን አለ። ጽሑፉ የወጣበትን ቀን የሚመለከት ሰው ግን ጥቂት ነው። እህቴም አላየችም።

ወደ ሴትየዋ ልመለስ፤ እኔን ከሕጉ መልስ ይበልጥ ያሳሰበኝ ጥያቄው ነውና። ጠበቃ ቢሮ ገብተው በሩ ተዘግቶ የሚነግሩት ነገር ምስጢር ነው። የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 399 ጠበቃን፣ ሐኪምን የመሳሰሉ ባለሙያዎች በሥራቸው ያወቁትን ምስጢር ቢያወጡና ተበዳዩ አቤቱታ ቢያቀርብ እንደሚቀጡ ይደነግጋል። ኮመንት ላይ የጻፉትን ግን ምስጢር አድርጎ የሚይዝልዎት ማንም የለም፤ ያወጡት ራስዎ ነዎት። ያ ጽሑፍ ባልየውን አንድ ሳምንት ቀድሞ እንዲነቃ ያደርገዋል። ካርታው የት እንዳለም ነግሮታል።

እንደሚመስለኝ ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ነው፤ ጠበቆች ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የሚጽፉትን ያህል ያነባሉ። ለልጆቹ ቀለብ እንዲቆርጥ ሲጠየቅ “ገቢ የለኝም” ብሎ የተከራከረ አባት፣ በዚያው ሳምንት ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ሆኖ የለቀቀው ፎቶ ታትሞ መዝገቡ ውስጥ ቢገባ አይገረሙ። የባልና ሚስት የቴሌግራም ልውውጥ ስክሪን ሾት ሆኖ ከክስ ማመልከቻ ጋር መያያዙ እንግዳ መሆኑ ቀርቷል።

በዚህ ነገር ሰው ምን ያህል ሊጎዳ እንደሚችል የሚያሳይ በደንብ የተመዘገበ ጉዳይ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ አለ። በ2007 እ.ኤ.አ. ኮንክሪት የጫነ መኪና ባደረሰው አደጋ አንዲት ወጣት ሴት ሞተች። ባሏ የመኪናውን ባለቤት ድርጅት ከሰሰ። የተከሳሹ ጠበቆች የሰውየውን ፌስቡክ ሲያገላብጡ የቢራ ጣሳ ይዞ፣ በሴቶች የሚቀልድ ጽሑፍ ያለበት ቲሸርት ለብሶ የተነሳውን ፎቶ አገኙ። በሐዘን የተሰበረ ባል ለሚባል ሰው የሚያምር ፎቶ አልነበረም። የራሱ ጠበቃ ደንገጥ ብሎ በረዳቱ በኩል ገጹን “እንዲያጸዳ” መልእክት አስላከለት። ሰውየውም አጠፋ፤ ሲጠየቅም በጠበቃው በኩል የፌስቡክ ገጽ የለኝም ብሎ መለሰ። እውነቱ ወጣ። ጠበቃው 542 ሺህ ዶላር፣ ባልየው 180 ሺህ ዶላር ለተከሳሹ ወገን እንዲከፍሉ ተወሰነ፤ ጠበቃው በ2013 እ.ኤ.አ. ለአምስት ዓመት ከሙያው ታገደ። የሚያሳዝነው፣ ፎቶው ብቻውን ክሱን አያሸንፍም ነበር። ሚስቱን ያጣ ሰው ቢራ መጠጣቱ ወንጀል አይደለም። የጎዳቸው መደለዙ ነው።

እዚያው አሜሪካ፣ ኢሊኖይ ውስጥ ደግሞ ለ19 ዓመት በመንግሥት ተከላካይ ጠበቃነት ያገለገለች ሴት ስለ ደንበኞቿ ብሎግ ላይ ትጽፍ ነበር። ሙሉ ስም አትጠቅስም፤ የመጀመሪያ ስማቸውን ብቻ ወይም የእስር ቤት መለያ ቁጥራቸውን ነበር የምትጽፈው። የሚያውቅ ሰው ግን ለየ። ሥራዋን አጣች፣ በ2010 እ.ኤ.አ. ለ60 ቀን ታገደች። የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበርም በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው የሥነ ምግባር አስተያየት፣ መረጃው በፍርድ ቤት መዝገብ ላይ የሚገኝ ቢሆን እንኳ ጠበቃ ያለ ደንበኛው ፈቃድ ስለ ጉዳዩ በአደባባይ መጻፍ እንደማይገባው አሳስቧል።

ይህን የማነሳው በእኛም ሰፈር “ትናንት አንዲት ደንበኛዬ መጥታ እያለቀሰች…” ብለው የሚጀምሩ ቪዲዮዎች ስለበዙ ነው። ስም አይጠሩም፤ ነገር ግን “የሦስት ልጆች እናት፣ ባሏ የውጭ ድርጅት ሹፌር፣ ገርጂ የሚኖሩ” ካሉ በኋላ ስሙ ምን ቀረው? ጠበቃ ሊይዙ ካሰቡ አስቀድመው ገጹን ይጎብኙና ስለ ቀድሞ ደንበኞቹ እንዴት እንደሚያወራ ያድምጡ። በሚቀጥለው ወር ስለ እርስዎ የሚያወራው እንደዚያው ነው። ለእኔ ይህ ከተከታዮቹ ብዛትም፣ ከካባውም የሚበልጥ መመዘኛ ነው።

ዘመድዎ ዋሽንግተን ወይም ዳላስ ካለ ደግሞ በአማርኛ ስለ ጥገኝነትና ስለ ግሪን ካርድ የሚያስረዱ ገጾችን እየተከታተለ ይሆናል። ጥሩ የሚሠሩ የሕግ ባለሙያዎች አሉ፤ ጠበቃ ሳይሆኑ ቅጽ የሚሞሉም አሉ። እዚያ ማጣራቱ ቀላል ነው፤ የየግዛቱ የጠበቆች ፈቃድ መዝገብ በኢንተርኔት ላይ በስም ይፈለጋል። የኢሚግሬሽን ሕግ የፌዴራል ስለሆነ የሌላ ግዛት ፈቃድ መሆኑ ችግር የለውም፤ ፈቃድ ጭራሽ አለመኖሩ ነው ችግሩ። እኛ ዘንድ ለፌዴራል ፍርድ ቤቶች የጥብቅና ፈቃድ የሚሰጠው ፍትሕ ሚኒስቴር ነው፤ ክልሎችም የራሳቸውን ይሰጣሉ። “ፈቃድዎን ላየው እችላለሁ?” ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም። የሚቆጣ ጠበቃ ካጋጠመዎት ሌላ ይፈልጉ።

እንግዲህ ቪዲዮውን ማየት ይተዉ አልልም። እኔም አያለሁ፤ አንዳንዶቹን ለዚህ ዓምድም ተጠቅሜባቸዋለሁ። ሕጉን ከእነሱ ይማሩ፣ የአዋጁን ቁጥር ይጻፉ፣ መቼ እንደተለቀቀ ይመልከቱ። የራስዎን ጉዳይ ግን ከሥሩ አይጻፉ፤ በሐሰተኛ ስምም ቢሆን ታሪኩ ራሱ ያጋልጥዎታል። ኢንቦክስ የሚጽፉም ከሆነ ቀጠሮ ለመያዝ ብቻ ይሁን፤ ካርታ፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የሕክምና ማስረጃ ለማያውቁት ገጽ አይላኩ፤ በዚያኛው ወገን ስልኩን የያዘው ጠበቃው ራሱ ይሁን ገጹን የሚያስተዳድርለት ልጅ አይታወቅም። ገንዘብ ከሌለዎት የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶች የነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሏቸው፤ ወረፋ አለው፣ ግን ቀኑን ይጠይቅዎታል። ክርክር ከጀመሩ በኋላ ደግሞ ፌስቡክዎን ከመነካካትዎ በፊት፣ ለመለጠፍም ሆነ ለማጥፋት፣ ጠበቃዎን ያማክሩ። እናትዎ፣ እህትዎና ጎረቤትዎም ስለ እርስዎ ብለው ኮመንት ላይ እንዳይሟገቱ ይንገሯቸው። ይህ የመጨረሻው ከሁሉም ይከብዳል፤ ከአክስቴ ጋር ሞክሬው አውቀዋለሁ።

ስለ ሴትየዋ የሰማሁትን ልንገርዎትና ላብቃ። ከአራት ቀን በኋላ ባለቤቴ የዚያን ላይቭ ቁራጭ ሌላ ገጽ ላይ አገኘችው። ጠበቃው “አትስጊ” የሚሉበት ክፍል ተቆርጦ፣ ሙዚቃ ገብቶበት፣ ብዙ ሰው ሼር አድርጎታል። የሴትየዋ ስምና ጥያቄ ከታች በኩል ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ከሥሩ ካሉት ኮመንቶች አንዱ “ይኼ እኛ ሰፈር ያለው ባለ አንድ ፎቁ ቤት አይደል እንዴ?” ይላል። ሌላው ባሏን በስሙ ጠርቶ ታግ አድርጎታል።

ባለቤቴ በኢንቦክስ ጻፈችላት። ቪዲዮው የት እንዳለ፣ እንዴት እንዲወርድ ሪፖርት እንደሚደረግ፣ ቶሎ ጠበቃ ዘንድ እንድትሄድ። ይህን ጽሑፍ እስካስረከብኩበት ቀን ድረስ መልእክቱ አልተከፈተም።